ወንድሟ ሁን

በሩ ተከፈተ። የፀሐይ ብርሃን ገባ። እኔና ፌኔት መሬት ላይ በደረታችን እንደተኛን ደርቀን ቀረን።

እሺ ቆይ፣ እንዲህ ብቻ ሲነገር ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ላስረዳችሁ። የትምህርት ቤታችን የሮቦቲክስ ቡድን የሚሰራው አሮጌው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ሮቦታችን የሚሄደው መሬት ላይ የተለጠፈ ጥቁር ፕላስተር እያነበበ ነው። ፀሐይ ከገባች ያብዳል። ጥላውን መስመር ይመስለውና ሄዶ ከግድግዳ ጋር ይላተማል። ስለዚህ በሩን እንዘጋለን፣ መጋረጃውን እንጋርዳለን። መስመሩን በደንብ መያዙን ለማየት ደግሞ ሌላ መላ የለውም፣ በደረት ተኝቶ ከስር ማየት ነው። እሷ በዚህ በኩል፣ እኔ በዛ በኩል። ሌሎቹ ልጆች ምሳ ምናምን ብለው ወጥተው ነበር። በቃ፣ ነገሩ ይሄው ነው።

የፌኔት አባት፣ አቶ ሁንዴሳ፣ ያዩት ግን ሮቦቱን አይደለም። የጨለመ ክፍል አዩ። ልጃቸውን አዩ። ከዛ እኔን አዩ።

«ቱቶሪያል ነው ያልሽኝ» አሉ። አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻል ነበር።

«አባ፣ ማለቴ...»

«ተነሺ።»

በዚህ መሀል ሮቦቱ ፀሐይ አይቶ አበደላችኋ! ስሙ ወያላ ነው። አንድ እጁን ወደ ውጪ ዘርግቶ ስለሚሄድ እኛ ነን ያወጣንለት፣ እጁ ከቦይ ውስጥ የሃይላንድ ፕላስቲክ እንዲለቅም ነው የተሰራው። በዛች የተዘረጋች እጁ የአቶ ሁንዴሳን ጫማ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አደረገው። በሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እንሞት ነበር። ፌኔት ጎንበስ ብላ ማጥፊያውን ተጫነችው። ስትነሳ ጉልበቷ ላይ ያለውን አቧራ እንኳን አላራገፈችም። አባቷን ተከትላ ወጣች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች። እኔን ያየች መስሎኝ ነበር። አይኗን ስከተለው ግን ያረፈው የጠፋው ሮቦት ላይ ነው። ልቤ እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ። በሮቦት መቅናት አለ ቢሏችሁ እመኑ።

ፌኔት ቡድኑን የተቀላቀለች ቀን ወንዶች ብቻ ነበርን። ጆኒ፣ አፉ የማያርፍ ጓደኛዬ፣ ገና በር ላይ ስትቆም «የኔ እናት፣ የምግብ ዝግጅት ክበብ ማዶ ነው» አላት።

«አውቃለሁ» አለችው። «ምግብ ዝግጅት ቢሆን እስካሁን የሆነ ነገር ይበስል ነበር።»

ወያላ ያኔ ወደፊት መሄድ አቅቶት ባለበት ይሽከረከር ነበር። ለቀናት ኮዱን ስንቀያይር ከርመናል። እሷ ቦርሳዋን ሳታወርድ አየችውና «አንዱ ጎማ ወደፊት አንዱ ወደኋላ ነው የሚሄደው፣ የአንዱን ሞተር ገመድ ገልብጡት» አለች። ገለበጥነው። ሄደ። ቲቸር ደገፋ፣ የፊዚክስ አስተማሪያችንና የቡድኑ ኃላፊ፣ ስሟን ሳይጠይቃት «ነገም ነይ» አላት። እኔ እዛው ፎነቅኩ። ወላሂ ነው የምላችሁ፣ ቦርሳዋን ሳታወርድ!

ግን አልነገርኳትም። እንዴት ብዬ? እኔ ነፋስ ስልክ የሰው ግቢ ውስጥ በተከራየናት አንዲት ክፍል ከአጎቴ ከጋሽ ቦጋለ ጋር የምኖር ልጅ ነኝ። ጋሼ የሰው ሚኒባስ ነው የሚነዳው፣ ላፍቶ፣ ሀይሌ ጋርመንት፣ ላፍቶ። እሷ የአቶ ሁንዴሳ ልጅ ናት። ሀይሌ ጋርመንት ያለው ትልቁ ማር ቤት የእነሱ ነው፣ ላፍቶ ደግሞ በተርታ የሚያከራዩት ቤት አላቸው። እኔ የምላትን ነገር ሁሉ በብሎን ነበር የምላት። «ያቺን አቀብለኝ» ትላለች፣ የትኛዋን እንደሆነ ሳትነግረኝ፣ እኔም ሳልጠይቃት አቀብላታለሁ። አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም። እሷም ስትቀበለኝ ቀና ትላለች፣ ትንሽ ታየኛለች፣ ወደ ስራዋ ትመለሳለች። የኛ ወሬ ይሄ ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው በአፍ ያወራችኝ። ብሎን እያጠበቀች ነበር። «ሚሳ» አለችኝ፣ «እኔ ከትምህርት ቤት ሱቅ፣ ከሱቅ ቤት ነኝ። ሱቅ ውስጥ የማር ቤቷ ልጅ ነኝ። ቤት የሁንዴሳ ልጅ ነኝ። ፌኔት የምሆነው እዚህ ክፍል ስገባ ብቻ ነው። ይሄን ቢወስዱብኝ እንጃ፣ ትንፋሽ የት እንደምወስድ አላውቅም።»

ወሰዱባት።

ከዛ ቀን በኋላ ደወል ሳይደወል የአባቷ መኪና ውጪ ይቆማል። ስልኳ ተወሰደ። ክፍላችን ለየብቻ ነው፣ የምንተያየው ጠዋት ሰልፍ ላይ ብቻ ነበር። በትከሻዋ በኩል ዞር ትልና በአፏ ቅርጽ ብቻ «ኩርባው?» ትለኛለች። ወያላ ኩርባ ላይ ከመስመሩ ይወጣል ወይ እያለችኝ ነው። እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ አዎ ይወጣል። ኮዱ ያለው እሷ ጭንቅላት ውስጥ ነው፣ ወያላ የሚወዳደርበት ቀን እየቀረበ ነው፣ እሷ ደሞ ሰልፍ መሀል ቆማ እንደ እስረኛ በአይኗ ትጠይቀኛለች። ባንዲራው ሲወጣ እኔ ባንዲራ አላይም።

«ሽማግሌ ላክባታ!» አለ ጆኒ አንድ ቀን። ለቀልድ ነው። ሁላችንም ሳቅን። ቲቸር ደገፋ ግን አልሳቀም።

«ለምን አንልክም?» አለ። «እኔ ሁለቴ ደውዬ ዘግተውብኛል። ሽማግሌ ግን በራቸው ላይ ከቆመ አይመልሱም። ወግ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ለቡድኑ ብለን እንለምናቸዋለን።»

እኔም ምን አባቴ እንደነካኝ እንጃ፣ ለጋሼ ነገርኩት። ጋሽ ቦጋለ ሰፈር ውስጥ የተጣላ የሚያስታርቅ፣ ሚስት የሚጠይቅ ሰው ነው፣ ደስታውን አትጠይቁኝ። «ጎረቤታችን ጋሽ ሙሄም ይጨመር» አለ፣ «የሙሄ ምላስ ድንጋይ ያለሰልሳል።»

ማናችንም ቁጭ ብለን ነገሩ ከሩቅ ምን እንደሚመስል አላሰብንም።

እሁድ ጠዋት። ጋሼ ነጭ ጋቢውን ደርቧል። ጋሽ ሙሄ አዲስ ኮፍያ አድርጓል። ቲቸር ደገፋ ሱፍ ለብሷል። እኔ ከኋላቸው ወያላን ይዣለሁ፣ አሰራሩን ለአባቷ ለማሳየት። አቧራ እንዳይገባበት ጋሼ በጥለት ነጠላ ጠቅልሎልኛል። አሁን አይናችሁን ጨፍኑና እዩን። ሶስት ሽማግሌ፣ አንድ የተላጨ ጎረምሳ፣ በጥለት የተጠቀለለ ስጦታ የመሰለ ነገር። ላፍቶ፣ እሁድ ጠዋት፣ ሴት ልጅ ያለበት ግቢ።

ተከራያቸው እትዬ አሰገደች ቧንቧ ጋ ጀሪካን እየሞላች ነበር። አየችን። ጀሪካኑን ለቀቀችው። «እልልልልል!»

«ኧረ እትዬ፣ አይደለም!» አልኳት።

«አይዞህ የኔ ልጅ፣ ሁሉም እንደዛ ነው የሚለው! እልልልል!» ከጎረቤት ግቢም ተቀበሏት።

እኔ እዛው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ሳሎኑ ውስጥ ወንበር ሞልቷል፣ ግን ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም ብሎ ጋሼ ቆመ፣ ሁሉም ቆሙ። በግድግዳው ዙሪያ እስከ ጣሪያ ድረስ የማር ቆርቆሮ ተደርድሯል። ቤቱ ሽታው ራሱ ይጣፍጣል። አቶ ሁንዴሳ መሀል ቆመው፣ ባለቤታቸው እትዬ ጫልቱ ከኋላቸው። ወደ ጓዳ የሚያስገባው መጋረጃ ስር ሁለት እግር ይታየኛል። የፌኔት እግር ነው። ጣቶቿ መሬቱን ቆንጥጠዋል።

«ልጄ ተማሪ ናት» አሉ አቶ ሁንዴሳ፣ ማንም አፉን ሳይከፍት። «አስራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ይሄ ነውር አይደለም ወይ? አንተ ደሞ» ወደ እኔ፣ «ከሽማግሌ ጋር ራሱ የሚመጣ ሙሽራ የት ሀገር አይተሃል?»

«ጋሽ ሁንዴሳ፣ ለጋብቻ አይደለም የመጣነው» አለ ቲቸር ደገፋ። ነጠላውን ገለጠው። ወያላ ከነእጁ ወጣ። «ለዚህ ነው። ልጅዎ ወደ ቡድኑ እንድትመለስ ልንለምን ነው። እሷ ከሌለች ይሄ አይሄድም።»

አቶ ሁንዴሳ ሮቦቱን አዩ። ሽማግሌዎቹን አዩ። «ለሮቦት ሽማግሌ ይላካል?»

«ለዘመኑ ብለው ይቅር ይበሉን» አለ ጋሽ ሙሄ። «ልጅዎ ተሰጥኦ አላት። አላህ የሰጣትን እኛ ብንዘጋው እንጠየቃለን።»

አቶ ሁንዴሳ እጃቸውን ወደ መስኮቱ ዘረጉ። ሲናገሩ ድምፃቸው ወርዷል። «እኔ ክፉ አባት አይደለሁም። ያ የምታዩት ኮንዶሚኒየም የቆመው የአባቴ ጤፍ ማሳ ላይ ነው። ከእጄ አንዴ የወጣ ነገር ሲመለስ አላየሁም። የቀረችኝ ልጅ ይቺ ናት። ትማር፣ አልጠላም። ግን ያንን እልልታ ሰምታችኋል። እስከ ማታ ላፍቶ በሙሉ የሁንዴሳ ልጅ ተጠየቀች ይላል። ነገ ተመልሳ ከዚሁ ልጅ ጋር በር ዘግታ ስትውል ደሞ ምን ይላል?»

እውነታቸውን ነው።

ከዛ ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ። «ስምህ ማነው?»

«ሚሳኤል።»

«ሚሳኤል፣ ለልጄ ምኗ ነህ?»

መጋረጃው ስር ያሉት ጣቶች ቆሙ። እኔ አየኋቸው። እውነቱን ብናገር ፌኔት ያንን ክፍል ዳግም አታየውም። «የቡድን ጓደኛዋ ነኝ» አልኩ።

«እንደ ምን ነው የምታያት?»

«እንደ... እንደ እህቴ።»

ወጣ። ከአፌ ወጣ። እንዴት እንደሚመር!

«እንደ እህትህ» አሉ፣ ቀስ ብለው። ፊታቸው ፈታ አለ። «ጎሽ። እንግዲያው መላው ቀላል ነው። የጡት ልጄ ሁን።»

ጋሼ ክው አለ። እኔ መጀመሪያ አልገባኝም። እሳቸው ናቸው ያስረዱኝ፣ እንደ ደግ አባት፣ ክንዴን ይዘው። «የአባቶቻችን ወግ ነው። አውራ ጣቴን ማር ውስጥ እነክራለሁ፣ አንተ ትጠባለህ፣ ሽማግሌዎቹ ያያሉ። ከዛ ልጄ ነህ። ቤቴ ቤትህ ነው። እሷም እህትህ ናት፣ በሰውም በእግዜርም ፊት። ወንድሟ ሁን። የፈለጋችሁትን በር ዝጉ፣ የሚናገር አፍ የለም።»

ጋሽ ሙሄ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። «ልጄ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም። የጡት እህት ለጋብቻ አትሆንም። ከሆነ ሆነ ነው፣ እስክትሞት።»

እምቢ ብል «እንደ እህቴ» ያልኩት ውሸት ነው፣ ውሸት ከሆነ ፌኔት ከሱቅ ቤት ከቤት ሱቅ ናት። እሺ ብል ትተነፍሳለች፣ እኔ አጠገቧ ብሎን እያቀበልኩ እታፈናለሁ። በራሴ ምላስ ነው የቆለፍኩት። አሁን ቁልፉ የት እንዳለ አላውቅም።

«እሺ» አልኩ። ድምፄን እኔ ራሴ አላወቅኩትም።

«ኢንታላ ኮ!» ብለው ተጣሩ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «ፌኔት! ማር አምጪ!»

እግሮቿ ጠፉ። ጓዳ ውስጥ ሳህን ተንኳኳ። ከዛ ምንም። እትዬ ጫልቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ቲቸር ደገፋ ወያላን እንደ ህፃን ታቅፎታል። ቆየች። በጣም ቆየች።

መጋረጃው ተገለጠ። ፌኔት ገባች። በሁለት እጇ የያዘችው ሳህን ባዶ ነው።

«ማሩስ?»

«ማር የለም፣ አባ።»

እስከ ጣሪያ የተደረደረው ቆርቆሮ ዙሪያውን ያየናል። ከትከሻዋ ጀርባ ያለው ቆርቆሮ ከክዳኑ ስር ወለላው በጎኑ እየወረደ ነው።

«የሁንዴሳ ቤት» አሉ አባቷ፣ «ማር የለም?»

አይኗን አልሰበረችም። «ለዚህ የሚሆን የለም።»

ገባቸው። ለሁላችንም ገባን። እኔ በዛች ደቂቃ የሆንኩትን በምን ልንገራችሁ? ስንት ወር በብሎን ስናወራ የከረምነውን ልጅቷ በባዶ ሳህን ተናገረችው፣ በአባቷ ፊት፣ በሽማግሌ ፊት! ደስታ ነው ልበል?

አቶ ሁንዴሳ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ጀርባቸው ብቻ ነው የሚታየን። «እንግዲያው ቡድንም የለም» አሉ።

«እሺ» አለች ፌኔት።

አንዲት ቃል። ዋጋውን እያወቀች ነው ሳህኑን ባዶ ያመጣችው። ጓዳ ውስጥ ቆማ ሒሳቡን ሰርታለች፣ እኔን መርጣለች፣ ክፍሉን ትታለች። ያ ደስታዬ ግን አልቆየም። ምክንያቱም አየኋት። አይኗ ቲቸር ደገፋ ደረት ላይ ያለው ሮቦት ላይ አረፈና ተከደነ። እኔን አገኘች ማለት ትንፋሿን ሰጠች ማለት ነው። እኔ ደግሞ ትንፋሽ መሆን አልችልም። እኔ አንድ ልጅ ነኝ።

«አባባ» አልኩ። «እኔ ልውጣ።»

ዞሩ።

«ከቡድኑ እኔ እወጣለሁ። እሷ ትግባ። ትምህርት እስኪያልቅ እሷ ያለችበት ክፍል አልገባም፣ ሰልፍ ላይ እንኳን ወደሷ አላይም። እህቴ አይደለችም። ዋሽቻለሁ። ይቅርታ። ግን እሷ ትግባ።»

«ሚሳኤል!» አለ ቲቸር ደገፋ።

አቶ ሁንዴሳ ብዙ አዩኝ። «ቃል ነው?»

«ቃል ነው።»

«በሽማግሌ ፊት ነው የሰጠኸው።» ወደ ጋሼ ዞሩ፣ ጋሼ ራሱን ነቀነቀ። «ትግባ» አሉ።

እኔ ወደ ፌኔት ዞርኩ። ምን ጠብቄ እንደሆነ እንጃ፣ ፈገግታ መሰለኝ። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፣ ቀስ ብላ።

«ማን ጠየቀህ?» አለችኝ።

«ፌኔት፣ እኔኮ...»

«እሱ ይወስንልኛል፣ አንተ ትወስንልኛለህ። እኔ አፍ የለኝም? አንድ ነገር በራሴ መረጥኩ። በህይወቴ አንድ ነገር! እሱንም ቀማኸኝ።»

መጋረጃው ከኋላዋ ተዘጋ። እጄ ባዶ ነበር፣ ግን የሆነ ነገር እንደጣልኩ መሬት መሬት አየሁ።

ጋሼ ሚኒባሱን ዝም ብሎ ይነዳል። ሀይሌ ጋርመንት ተሳፋሪዎች እጃቸውን ቢያወጡም አላቆመም፣ በህይወቱ እንደዛ አድርጎ አያውቅም። ጋሽ ሙሄና ቲቸር ደገፋ ከኋላ ናቸው። እኔ ጋቢና መስታወት ላይ ግንባሬን አስደግፌያለሁ። ነገ ትምህርት አለ። ደወል ሲደወል እግሬ የት ይሂድ? ከእሷ በፊት የት ነበር የምሄደው? ማስታወስ አቃተኝ።

ስልኬ ነዘረ። የማላውቀው ቁጥር።

«በእማዬ ስልክ ነው፣ አትመልስልኝ። ተናድጄብሃለሁ፣ ገና እናደዳለሁ። ነገ ግን እገባለሁ። የማለቅሰው አንተ የሌለህበት ክፍል ምን ያደርግልኛል ብዬ አይደለም። አንተ ባትኖርም ክፍሉን እንደምወደው ስላወቅኩ ነው። ይሄን ስጽፍልህ እንደሚያምህ አውቃለሁ። ለሌላ ሰው ቢሆን እዋሽ ነበር።»

አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። አመመኝ፣ አቤት አመማመሙ። እሷን እሷ ያደረጋት ነገር እኮ ይሄው ነው፣ የወደድኩት ይሄንኑ ነው፣ አሁን ያለኔ ሊሄድ ነው፣ እንዲሄድ ደሞ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ልመልስላት ጣቴ ፊደሎቹ ላይ ቆመ። አትመልስልኝ ብላለች። እሱን እንኳን ቀድሜ ልወስንባት አልፈለግኩም። ስልኩን ደረቴ ላይ ገለበጥኩት።

ጋሼ ከመንገዱ አይኑን ሳያነሳ «ምን አለች?» አለኝ።

አፌን ከፈትኩ። አየር አልገባ አለኝ።

«ገባች፣ ጋሼ» አልኩት። «ገባች።»